ጣና ጠፍጣፋ አይደለም

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ይወርዳል)



ዛሬ በጥያቄ እንጀምር። ከባሕር ዳር ዘጌ ድረስ ያለ ሽቦ መረጃ ላኩ ብትባሉ በየት በኩል ትልኩታላችሁ? በየብሱ፣ በባሕር ዛፉና በመንደሩ ቆርቆሮ ላይ አሳልፋችሁ? ወይስ ዛፍ ቢሉ ዛፍ፣ ቤት ቢሉ ቤት በሌለበት በሐይቁ ላይ ቀጥ አድርጋችሁ? እኔ "ይሄማ ምን ያጠያይቃል፣ በሐይቁ ነዋ!" ባይ ነበርኩ። ይህንኑ አንድ ቀን ባሕር ዳር ፋሲሎ ሰፈር ውስጥ ካፌ ሰገነት ላይ ማኪያቶ ይዘን ለተቀመጥን ወዳጄ አልኩት። ዕድሜውን ማይክሮዌቭ ማማ ላይ ሲወጣ ሲወርድ የኖረ ቴክኒሻን ነው። ሳቀብኝ። "አንተ ጣናን እንደ ምጣድ ጠፍጣፋ ይመስልሃል" አለኝ። የዛሬውን ዝግጅት ያመጣው ያ ሳቅ ነው።

መጀመሪያ ማማውን እንየው። ማታ ቀይ መብራት የሚበራበትን የስልክ ማማ የማያውቅ የለም፤ ላዩ ላይ የተሰቀለውን ልብ ብሎ ያየ ግን ጥቂት ነው። ነገ በመንገዳችሁ ቀና በሉ። ጫፉ አካባቢ ረዘም ጠበብ ያሉ፣ የበር ሳንቃ የሚመስሉ ሰሌዳዎች ብዙውን ጊዜ በሦስት አቅጣጫ ዞረው ታያላችሁ። ከእጅ ስልካችሁ ጋር የሚነጋገሩት እነሱ ናቸው። ከእነሱ ወረድ ብሎ ደግሞ ነጭ ክብ ነገር አለ፤ ፊቱ በሸራ የተወጠረ፣ የማኅሌት ከበሮ በጎኑ የተሰቀለ የሚመስል። እሱ ከማናችንም ስልክ ጋር ወሬ የለውም። የሚያውቀው ኪሎሜትሮች ርቆ በሌላ ማማ ላይ የተሰቀለውን መንትያውን ብቻ ነው።

የሁለቱን ሥራ በዘጌ ቡና ላስረዳ። ዘጌ ላይ ቡናው ከየጓሮው ይለቀማል፤ እያንዳንዱ ገበሬ የራሱን ተሸክሞ በየራሱ የእግር መንገድ ወደ ሐይቁ ዳር ይወርዳል። ከዚያ በኋላ ግን የሁሉም ቡና በአንድ ጀልባ ተጭኖ ባሕር ዳር ይገባል። ስልካችሁ እስከ ማማው የሚልከው ገበሬው የተሸከመው ነው። ከማማው ወዲያ ወደ ዋናው ማዕከል የሚሄደው የመንደሩ ሁሉ ጥሪ፣ የመንደሩ ሁሉ ፎቶና ቪዲዮ፣ የመንደሩ ሁሉ የቴሌብር ክፍያ ደግሞ በአንድ ላይ የሚጫነው ነው። ባለሙያዎቹ ይህን ሁለተኛ ጉዞ ትራንስሚሽን ወይም ባክሆል ይሉታል። ስልካችሁ ላይ አራቱም መስመር ሞልቶ ሳለ ኢንተርኔቱ አልከፍት ሲል አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ እናንተ ወደቡ ደርሳችኋል፣ ጀልባው ግን ሞልቷል ወይም አልመጣም።

ጀልባው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ መሬት ተቆፍሮ የሚቀበረው የፋይበር ገመድ ነው፤ አቅሙ የትየለሌ ነው፣ ነገር ግን ያላቋረጠ መንገድ ይፈልጋል። የሽቦን ጣጣ አገራችን ቀድማ አይታዋለች። በአፄ ምኒልክ ዘመን በአዲስ አበባና በሐረር መካከል የተዘረጋው የስልክ ሽቦ 477 ኪሎሜትር ነበር፤ በየመንገዱ ምሰሶ ተተክሎ። ጣና መሀል ላለችው ለደቅ ደሴት ነዋሪ ፋይበር ለማድረስ ደግሞ ገመዱን በውሃ ውስጥ መዘርጋት ግድ ነው። ሁለተኛው ጀልባ ከበሮው ነው። እሱ መሬት የሚፈልገው በሁለቱ ጫፎች ብቻ ነው፤ መሀሉን በአየር ይሻገረዋል።

(አጭር መሸጋገሪያ ሙዚቃ)

ታዲያ በአየር ውስጥ የሚሄደው ምንድን ነው? የሬዲዮ ሞገድ ነው፤ እኔን አሁን እናንተ ጆሮ ያደረሰኝ የዚያው ዘር። ልዩነቱ የኔ ድምፅ በኤፍኤም ሲመጣ በሰከንድ መቶ ሚሊዮን ጊዜ ገደማ የሚርገበገብ ሞገድ ላይ ተሳፍሮ በየአቅጣጫው መበተኑ ነው። በሁለት ከበሮዎች መካከል የሚዘረጋው መስመር፣ ረጅም የማይክሮዌቭ ሊንክ፣ ግን ለምሳሌ 7 ጊጋኸርዝ ላይ፣ ማለትም በሰከንድ 7 ቢሊዮን ጊዜ ይርገበገባል፤ እሱንም ከበሮው ሰብስቦ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ይሰደዋል።

መረጃው ሞገዱ ላይ የሚጻፍበትን መንገድ ለማስረዳት የፊደል ገበታን የሚያህል ምሳሌ ያለ አይመስለኝም። ገበታው ላይ 33 ፊደላት ወደ ታች፣ 7 ድምፆች ወደ ጎን ተደርድረው 231 ይሆናሉ። የማይክሮዌቭ ሬዲዮም የራሱ ገበታ አለው፦ 16 ወደ ታች፣ 16 ወደ ጎን፣ በድምሩ 256። ላኪው የሞገዱን ጉልበትና መነሻ እያቀያየረ ከእነዚህ አንዱን ይጠራል፤ ተቀባዩ ገበታውን አይቶ የትኛው እንደተጠራ ይለያል። እያንዳንዱ ጥሪ ስምንት የዜሮና የአንድ ምልክቶችን፣ ማለትም 8 ቢት ይሸከማል። 28 ሜጋኸርዝ ስፋት በተሰጠው መስመር ላይ በሰከንድ ወደ 25 ሚሊዮን ፊደል ይጠራል። ብታባዙት ወደ 200 ሜጋቢት ይመጣል።

ነገር ግን ፊደል በበዛ ቁጥር ፊደላቱ ይቀራረባሉ። ቄስ ትምህርት ቤት የገባ ሰው ያውቀዋል፤ በደብዛዛ ብርሃን "ሁ" እና "ሂ" ይምታታሉ። ሞገዱ ደክሞ ሲደርስ ተቀባዩም እንዲሁ ይሳሳታል። ዘመናዊዎቹ ሬዲዮዎች መላ አላቸው። ሲግናሉ ሲዳከም ገበታውን ያጥፉታል፤ ከ256 ወደ 64፣ ከ64 ወደ 16፣ ሲብስ ወደ 4 ትላልቅና የተራራቁ ፊደላት። ያን ጊዜ እያንዳንዱ ጥሪ የሚሸከመው 2 ቢት ብቻ ነው፤ ፍጥነቱ ሩብ ይሆናል፣ ሊንኩ ግን አይሞትም። ሐምሌ ላይ ዶፍ ሲወርድ ቪዲዮው ቆሞ ቴሌግራሙ ሲሄድ ሊሆን የሚችለው ይኸው ነው።

ዝናብ ካነሳሁ ልጨርሰው። ዝናብ ጠላትነቱ ለአጫጭሮቹ ሊንኮች ነው። ከተማ ውስጥ ከጣሪያ ጣሪያ የሚሻገሩት 23 ወይም 80 ጊጋኸርዝ ላይ ይሠራሉ። 80 ላይ የሞገዱ ርዝመት 4 ሚሊሜትር አይሞላም፤ የክረምት ጠብታን ያክላል ማለት ነው፣ ስለዚህ ጠብታው ይበላዋል። 7 ጊጋኸርዝ ላይ ግን ሞገዱ ከ4 ሴንቲሜትር በላይ ነው፤ የነሐሴን ዶፍ ከቁብም አይቆጥረው።

(የሐይቅ ውሃ ድምፅ)

አሁን ወደ ጣና እንመለስ። በካርታ ብትለኩት ከባሕር ዳር ዘጌ በቀጥታ 13 ኪሎሜትር ቢሆን ነው። በሁለቱም ዳርቻ ላይ 40 ሜትር ማማ አቁመን፣ አንድ ሜትር ከሃያ የሆነ፣ በ7 ጊጋኸርዝ የሚሠራ ከበሮ ሰቅለን እንበል።

በመጀመሪያ ከበሮዎቹ መተያየት አለባቸው። ወዳጄ ይህን ሲያወራ እጁ ሁሉ ይንቀሳቀሳል። አንዱ ቴክኒሻን እዚህ ማማ ላይ በቀበቶው ታስሮ፣ ሌላው እዚያ ማማ ላይ ታስሮ፣ በስልክ እየተነጋገሩ ብሎኑን በቁልፍ ሩብ ዙር ሩብ ዙር ያዞሩታል። ሬዲዮው ጀርባ ላይ የተሰካው ቮልት መለኪያ የሲግናሉን ጉልበት ያሳያል። "ጨመረ… ጨመረ… ወረደ፣ ተመለስ… እሱን ያዝ!" ጨረሩ ስፋቱ ሁለት ዲግሪ ተኩል ገደማ ብቻ ነው። ጀማሪ የሚወድቅበት ወጥመድም እዚህ ነው። ከዋናው ጨረር ግራና ቀኝ ደካማ ጨረሮች አሉ፤ ጉልበታቸው የዋናውን መቶኛ ያህል ቢሆን ነው። ቁልፉን ሲያዞር ቁጥሩ ከፍ ብሎ ዝቅ ካለ ጀማሪው "አገኘሁት!" ብሎ ብሎኑን አጥብቆ ይወርዳል። ሊንኩ ይሠራል፣ ግን እየተንጠራራ ነው፤ በመጀመሪያው ክፉ ቀን ይጠፋል። "እኔም በወጣትነቴ አንድ ሳይት ላይ እንዲህ አድርጌ ሄጄ በሁለተኛው ሳምንት ተመልሼ ወጥቻለሁ" አለኝ። የት እንደሆነ ግን አልነገረኝም፤ አልጠየቅኩትምም።

ሁለት ዲግሪ ተኩል ጠባብ ይመስላል አይደል? ዘጌ ሲደርስ ግን ከግማሽ ኪሎሜትር በላይ ይሰፋል። ስለዚህ ከ40 ሜትር ከፍታ የተለቀቀው ጨረር ሁለት ኪሎሜትር እንኳ ሳይሄድ የታችኛው ጠርዙ ውሃውን ይነካል። ይህን ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ሌላው ነገር ሞገዱ የሚሄድበት መንገድ እንደ ክር ቀጭን አለመሆኑ ነው። ጥጥ የተጠቀለለበት እንዝርት አስቡ፤ ጫፍና ጫፉ ሾጣጣ፣ መሀሉ ወፍራም። በእኛ ምሳሌ መሀል ላይ ከመስመሩ እስከ ጠርዙ 12 ሜትር ይሆናል። ማማው ላይ ቆማችሁ የዘጌውን ማማ በዓይናችሁ ብታዩትም ይህ እንዝርት ውስጥ ነገር ከገባ ሲግናሉ ይጎዳል። በየብስ በኩል የሚያልፉ ሊንኮችን የሚያማርራቸው ባሕር ዛፍ ነው። ሊንኩ ሲተከል ችግኝ የነበረው ዛፍ በጥቂት ዓመታት ውስጥ እንዝርቱ ውስጥ ይገባል፤ ቅጠሉ ሲረጥብ ደግሞ ጉዳቱ ይብሳል። ፋሲሎን በመሰለ ሰፈር ደግሞ ዛፉን የሚተካው ሕንፃ ነው። አንድ ማለዳ የግንባታ አጣና ሊንኩ መሀል ብቅ ይላል፤ ባለሕንፃው በአየሩ ላይ ምን እንደሚያልፍ በምን ያውቃል? መፍትሔው ማማ መጨመር ወይም በሌላ ሳይት ዞሮ መሄድ ነው።

ሐይቁ ላይ ግን ዛፍም አጣናም የለም። ታዲያ ምን ሆነ?

በመጀመሪያ ጣና ጎብጧል። ምድር ክብ ናትና ሐይቁም አብሯት ይጎብጣል። እስከ ዘጌ ድረስ ጉብታው ከሦስት ሜትር ብዙም ስለማይበልጥ እዳው ገብስ ነው። ከባሕር ዳር ጎርጎራ ድረስ በአንድ ዝላይ እንሻገር ብትሉ ግን ርቀቱ 70 ኪሎሜትር ያልፋል። መሀል ላይ ውሃው ከሁለቱ ዳርቻዎች በሚሳበው ቀጥተኛ መስመር ላይ ወደ መቶ ሜትር የሚጠጋ ጉብታ ይሠራል። ደግነቱ አየሩ ከታች ወፍራም ከላይ ስስ በመሆኑ ሞገዱን ትንሽ ወደ ምድር ያጎብጠዋል፤ እናም ለባለሙያው ስሌት ጉብታው ወደ 70 ሜትር ዝቅ ይላል። የእንዝርቱን ውፍረት ስትጨምሩበት በሁለቱም ዳርቻ ወደ 90 ሜትር የሚጠጋ ማማ ያስፈልጋል። ስለዚህ ወይ ኮረብታ ላይ ይወጣል፣ ወይ መሀል ላይ ማረፊያ ይፈለጋል።

"አየሩ ያጎብጠዋል" ያልኩት ራሱ መዘዝ አለው። አየሩ ሁልጊዜ እኩል አያጎብጥም። ቀን ነፋሱ ያማስለዋል፣ ደህና ነው። ሌሊት ነፋስ ሲቆም፣ ሰማዩ ጥርት ሲል፣ ከውሃው በላይ ቀዝቃዛና ሞቃት አየር እንደ እንጀራ ተደራርቦ ይተኛል። ያን ጊዜ ሞገዱ በደራረቡ መካከል ይታጠፋል፤ አንዱ ክፍል ከፍ ብሎ፣ አንዱ ዝቅ ብሎ ይመጣል፤ አንዳንዴም ከነጭራሹ ዒላማውን ይስታል። እኔን ያስገረመኝ ይህ ነው። ረጅም ሊንክ ያለው ባለሙያ የሚፈራው መብረቅና ዶፍ ያለበትን ማታ አይደለም፤ ታንኳ ያለ ድምፅ የሚንሸራተትበትን፣ ባሕሩ መስታወት የሚመስልበትን ጎህ ነው።

መስታወት ካልኩ አይቀር ወደ ዋናው ጣጣ ልግባ። ውሃውን የነካው የጨረሩ ጠርዝ ተንጸባርቆ ዘጌው ከበሮ ይገባል። ስለዚህ ከበሮው አንዱን ቃል ሁለቴ ይሰማል፦ በቀጥታ የመጣውንና ውሃ ነክቶ የመጣውን። ሁለቱ ሞገዶች እጅ ለእጅ ተያይዘው ከደረሱ ጉልበት ይጨምራሉ። አንዱ ወደ ላይ ሌላው ወደ ታች ሆነው ከደረሱ ግን ይጣፋሉ፤ በአየሩ ላይ ሁለት ሞገድ እያለ ከበሮው ዝምታ ይሰማል። ማዕበል ቢነሳስ? አይጠቅምም። ጨረሩ ውሃውን የሚነካው ከግማሽ ዲግሪ ባነሰ አንግል ስለሆነ ጀልባ የሚያንገላታ የግማሽ ሜትር ማዕበል ለእሱ አሁንም ለስላሳ መስታወት ነው።

ወዳጄ ናፕኪን ላይ ያሰላልኝን ልንገራችሁ። ጣና ሰኔ ላይ ዝቅ ይላል፤ ክረምቱ ሲያበቃ ወንዞቹ ሞልተውት ከፍ ይላል፣ ብዙ ጊዜ ከአንድ ሜትር በላይ። አንድ ሜትር ተኩል ቢነሳ በእኛ የ13 ኪሎሜትር ምሳሌ የተንጸባረቀው ሞገድ መንገዱ ሁለት ሴንቲሜትር በማትሞላ ልክ ያጥራል። ሁለት ሴንቲሜትር ምን አላት? የሞገዱ ርዝመት 4.3 ሴንቲሜትር ነው፤ ሁለት ሴንቲሜትር ግማሹን ሊሆን ምንም አልቀረው። ግማሽ ሞገድ ማለት ደግሞ ከመደጋገፍ ወደ መጣፋት የሚወስደው ርቀት ነው። ሰኔ ላይ ተተክሎ፣ ተለክቶ፣ "እጅግ ጥሩ" ተብሎ የተፈረመበት ሊንክ ብሎን ሳይላላ፣ ዕቃ ሳይበላሽ፣ መስከረም ላይ ሊታመም ይችላል። የሞላው ሐይቁ ነው።

መድኃኒት የለውም አልልም። ሐይቅ ዳር አንድ ማማ ላይ ሁለት ከበሮዎች አንዱ ከሌላው በታች ሆነው ወደ አንድ አቅጣጫ ሲያዩ ካጋጠማችሁ ትርፍ አይደሉም። በእኛ ምሳሌ ታችኛው ከላይኛው 4 ሜትር ያህል ዝቅ ቢል፣ ላይኛው ዝምታ በሚሰማበት ሰዓት ታችኛው ይጮኽለታል፤ ሬዲዮው ከሁለቱ የተሻለውን ይይዛል ወይም ያዋህዳቸዋል። ሌላው መላ ይበልጥ ደስ ይለኛል። አንዱን ጫፍ ኮረብታ ላይ ሰቅሎ ሌላውን ዝቅ ማድረግ ነው። ነጸብራቁ የሚነሳበት ነጥብ ሁልጊዜ ወደ ዝቅተኛው ማማ ይጠጋል። ዝቅተኛው ማማ እንግዲህ ሐይቁ ዳር ሳይሆን ከከተማው ገባ ብሎ ከቆመ፣ ነጥቡ ውሃው ላይ መሆኑ ይቀርና የፋሲሎ ጣሪያና ዛፍ ላይ ያርፋል። ጣሪያና ዛፍ መጥፎ መስታወት ናቸው፤ ሞገዱን ይበትኑታል። ሐይቁን በደንብ ለመሻገር ከሐይቁ መራቅ!

ውሃ መሻገር ለዚህ ሙያ አዲስ አይደለም። የመጀመሪያው ታዋቂ የማይክሮዌቭ ሙከራ ራሱ በመጋቢት 1923 ዓ.ም. የተደረገው በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል ባለው ባሕር ላይ፣ ከዶቨር እስከ ካሌ 40 ኪሎሜትር ገደማ ተሻግሮ ነበር። በእኛው አህጉር ደግሞ በ2013 ዓ.ም.፣ ያኔ የጉግል እናት ኩባንያ የአልፋቤት ፕሮጀክት የነበረው ታራ የኮንጎን ወንዝ ከብራዛቪል ወደ ኪንሻሳ በብርሃን ጨረር ተሻግሯል። ወንዙን ለመሻገር 5 ኪሎሜትር አይሞላም፤ በ20 ቀን ወደ 700 ቴራባይት አሳልፏል። ብርሃን ነውና ጉም ይከለክለዋል፤ ለእኛ የጠዋት ጉም እንዴት እንደሚሆን ማየት ነበር።

አየሩ የማንም አይደለም ብሎ ያሰበ ካለ ግን ተሳስቷል። ሁለት ሊንኮች በአንድ ሰማይ ላይ አንድ ድግግሞሽ ቢይዙ ይጠላለፋሉ፤ ስለዚህ ማን የትኛውን እንደሚይዝ የሚፈቅደው በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ 1148 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ኔትወርክ በጠፋ ቁጥር ሊንኩን አትርገሙት ለማለትም ያህል፦ መብራት ሄዶ፣ የማማው ባትሪ አልቆ ሊሆን ይችላል። ሊንኩ ጤነኛ ሆኖ ኢንተርኔት የሚዘጋበት ጊዜ እንዳለም እኛ የአማራ ክልል ሰዎች በደንብ እናውቃለን፤ እሱ የሌላ ቀን ወሬ ነው።

(የጀልባ ሞተር ድምፅ፤ ቀስ በቀስ ይርቃል)

ባለፈው እሑድ ለዚህ ዝግጅት ድምፅ ልቀዳ በጀልባ ወጥቼ ነበር። መሀል ላይ ስንደርስ ባለጀልባው ሞተሩን ቀነሰና ቤቱ ሊደውል ስልኩን አወጣ። ተቀምጦ ሞከረ፣ እምቢ አለው። ብድግ ብሎ መቀመጫው ላይ ወጣና ደወለ፤ ገባለት።

"ጋሼ፣ ለምን ቆሙ?" አልኩት።

"ልጄ፣ ባሕር ላይ ተቀምጠህ አይገባልህም። ይሄን የማያውቅ ባለጀልባ የለም።"

ማታ ለወዳጄ ደውዬ ነገርኩት። እንደገና ሳቀ፤ የአሁኑ ግን ሌላ ሳቅ ነበር። ውሃው ሞገዱን ሲያንጸባርቀው ይገለብጠዋል፤ ውሃው አጠገብ ደግሞ ቀጥተኛውና የተንጸባረቀው ሞገድ ርቀታቸው እኩል ሊሆን ምንም ስለማይቀረው ይጣፋሉ አለኝ፤ ከውሃው በራቅህ ቁጥር መጣፋታቸው ይቀንሳል። ስልኩ ከውሃው አንድ ሜትር ላይ ከነበረበት ወደ ሁለት ሜትር ከፍ ሲል የሚደርሰው ጉልበት ወደ አራት እጥፍ ያድጋል።

"ያንተ ባለጀልባ" አለኝ፣ "ማማ አቁሟል።"

በታንኳ ላይ ግን እንዳትሞክሩት። ደህና እደሩ።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)